አንድ ሰይፈኛ ስንት ሰው ነው?

ሜይ 1 ቀን 1966 በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ፣ በዳያና ፓክሰን ቤት ጓሮ፣ ወጣቶች ተሰብስበው ይቀጣቀጣሉ። (ዓመቶቹን እስከ መጨረሻው እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።) አንዱ የፌንሲንግ ጭምብል አጥልቋል፤ ሌላው ከተገኘው ጨርቅ የመካከለኛው ዘመን ካባ የሚመስል ነገር ደርቧል፤ ሰይፉ እንጨት ነው። ውድድሩ ሲያበቃ ሃያኛውን ክፍለ ዘመን እንቃወማለን ብለው እየዘፈኑ በቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ወጡ። የዚያን ጊዜዋ በርክሊ ሰልፍ የማይጠፋባት ከተማ ስለነበረች ብዙ ሰው የገረመው አይመስለኝም።

ያ ለጨዋታ የተጠራ ድግስ ሶሳይቲ ፎር ክሪዬቲቭ አናክሮኒዝም የሚባል ማኅበር ወለደ። አባላቱ የብረት ልብስ ለብሰው፣ ራታን ከሚባል ጠንካራ ተክል በተሠራ ዱላ ዛሬም ድረስ የምራቸውን ይማታሉ። ዱላው ሥጋ ባይቆርጥም ያሳምማል። ጋሻ የተሸከመ ክንድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚዝል፣ በራስ ቁር ቀዳዳ ሲያዩት ዓለም እንዴት እንደሚጠብ፣ እዚያ የቆመ ሰው በገላው ያውቀዋል። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ፔሪን ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአገሪቱ መሀል ደግሞ ሰይፍ ጨብጠው የማያውቁ፣ ግን የጦር ታሪክ ሲያነቡ የሚያድሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እነሱ የሚዋጉት ጠረጴዛ ላይ፣ በጣት ቁመት በተሠሩ የእርሳስ ወታደሮች ነው። የፕሩሺያ መኮንኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሥልጠና የተጠቀሙበት የጦርነት ጨዋታ፣ በ1913 ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ለቤት መዝናኛ የሚሆን ሕግ ጽፎለት፣ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የብዙ ቤቶችን ምድር ቤት ይዞ ነበር። ዊስኮንሰን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ የምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ አለች። ጋሪ ጋይጋክስ በ1968 የከተማዋን የአትክልተኞች አዳራሽ ተከራይቶ የእነዚህን ተጫዋቾች ጉባኤ ጠራ። የቺካጎ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። በ1970 ከሥራ ተሰናበተ፤ ቤተሰቡን ለማኖር ምድር ቤቱ ውስጥ የጫማ መጠገኛ መሣሪያ ተክሎ ሶል መለጠፍ ያዘ። የጨዋታ ሕጎቹን የሚጽፈውም በዚያው ሰሞን ነበር።

በ1971 ከጄፍ ፔረን ጋር ሆኖ ያሳተመው መጽሐፍ ቼይንሜይል ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ጥሩር ማለት ነው። አብዛኛው ስለ ፈረሰኛ፣ ስለ ቀስተኛና ስለ ምሽግ ነው። ከኋላው ግን ዘንዶ፣ አስማተኛና ግዙፍ ፍጡር ለሚያሻው ተጫዋች የሚሆን ተጨማሪ ክፍል አለ። የዚህ ትረካ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ጀግና የአራት ተራ ወታደር ያህል ይዋጋል፤ ለመግደልም በአንድ ዙር አራት ገዳይ ምት ሊያርፍበት ይገባል። ከእሱ በላይ ያለው ልዕለ ጀግና ስምንት ሰው ነው። በቃ። ጀግናው ለምን አራት እንደሆነ፣ ሰውነቱ ከምን እንደተሠራ የጠየቀ የለም። ቀስት የያዘ ጀግና በላዩ የሚያልፍን ዘንዶ ሊጥለው ይችል ነበር፤ ሁለት ዳይስ ጥሎ 10ና ከዚያ በላይ ካገኘ፣ ማለት ከስድስት አንዴ፣ ዘንዶው ሞቶ ይወድቃል።

እኛ የመቶ አለቃና የሺ አለቃ የሚሉ ማዕረጎችን ስላደግንባቸው ሰውን በቁጥር መለካት አይደንቀንም። ልዩነቱ፣ የመቶ አለቃ መቶ ሰው ያዛል እንጂ መቶ ሰው አይደለም። የቼይንሜይል ጀግና ግን ራሱ አራት ነው። ፎካሪ ብቻዬን ለሺ እበቃለሁ ሲል የሚሰማው ሁሉ የቆዳውን ውፍረት እንደማይጠይቀው፣ በዚያ ጠረጴዛም የጀግናው ቁጥር የሥጋ ጉዳይ አልነበረም።

ቁጥሩ ወደ ሥጋ የተለወጠው በጎረቤት ክፍለ ግዛት፣ በሚኒሶታ ነው። ዴቭ አርነሰን በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ላሉ ጓደኞቹ ብላክሙር የተባለ ምናባዊ አገር ፈጥሮ ከ1971 ጀምሮ ያጫውታቸው ነበር። አዲስ የሆነው ነገር፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያዘው ጦር ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ከሳምንት ሳምንት ስም፣ ንብረትና ዝና እያፈራ ይሄዳል። መጀመሪያ የሠሩት በቼይንሜይል ሕግ ነበር፤ ዳይስ ተጥሎ አንዱ ወይ ይሞታል ወይ ይተርፋል። አርነሰን ኋላ እንደተናገረው፣ ተጫዋቾቹ ጭራቁን በአንድ ምት ቢገድሉት ቅር አይላቸውም፤ ጭራቁ እነሱን በአንድ ምት ሲገድላቸው ግን አልወደዱትም። ማን ይወዳል? ሁለት ወር ያሳደጉት ሰው ነው።

አርነሰን ፊቱን ወደ ሌላ የቆየ ሥራው አዞረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጉት ብረት ለበስ መርከቦች የሚጫወትበት ሕግ ነበረው። እዚያ መርከብ በአንድ ጥይት አትሰጥምም፤ ጎኗ በተመታ ቁጥር የሚቀነስ ነጥብ አላት፣ የብረቷ ውፍረትም የሚመታትን ያከብድበታል። ሁለቱንም ነገር ወስዶ ለሰው ሰጠ። ዛሬ የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ሁሉ በስክሪኑ ጥግ የሚያየው ቀይ የሕይወት መስመር ዘሩ ከዚህ ነው። ሰይፈኛው እንግዲህ የሁለት ነገር ዲቃላ ሆነ፤ ግማሹ የሰው ብዛት፣ ግማሹ መርከብ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት የተነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው ይህን ሐረግ ካለማስታወስ የመጣ ይመስለኛል።

በ1972 መጨረሻ አርነሰን ሌክ ጄኔቫ ሄዶ ጨዋታውን ለጋይጋክስ አሳየ። ጋይጋክስ ተማረከ፤ ሕጉን ማርቀቅም ወዲያው ጀመረ። በኦክቶበር 1973 ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር ታክቲካል ስተዲስ ሩልስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1974 መጀመሪያ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ወጣ። ሦስት ትናንሽ ደብተሮች የእንጨት መልክ ባለው ወረቀት በተለበጠ ሳጥን፤ 1,000 ቅጂ፤ ዋጋው 10 ዶላር። ሳጥኑን የሚያሽጉት ራሳቸው ነበሩ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙንና ጠላቱን ይይዛል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ። በመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ሦስት ሙያዎች ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ተዋጊው በደረጃ ያድጋል፣ በየደረጃውም ማዕረግ አለው። ሠንጠረዡን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አራተኛው ደረጃ ላይ ጀግና፣ ስምንተኛው ላይ ልዕለ ጀግና የሚል ታገኛላችሁ። አራትና ስምንት! የቼይንሜይል ቁጥሮች እንዳሉ ተገልብጠው ነው። ደካማ ጠላት ሲገጥመውም ተዋጊው በደረጃው ልክ ይመታል፤ ስምንተኛ ደረጃ የደረሰ በአንድ ዙር ስምንት ጊዜ ይሰነዝራል። የሰው ቆጠራው ገና አልጠፋም ነበር።

አስማተኛው የመጣው ከሌላ ቤት ነው። ጋይጋክስ የጃክ ቫንስን የ1950 መጽሐፍ ዘ ዳይንግ ኧርዝን ይወድ ነበር፤ እዚያ ያሉ ጠንቋዮች ድግምቱን ያጠኑታል፣ አንዴ ከተናገሩት ከጭንቅላታቸው ይጠፋል። ጀማሪ አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ይዞ ይወጣል፤ እሷን ከጣለ በኋላ እስኪነጋ ከተዋጊው ጀርባ መደበቅ ነው። የሚገርመው፣ ጋይጋክስ ያነባቸው ልብ ወለዶች ውስጥ ባለታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ሰይፈኛው ነው። የሮበርት ሃዋርድ ኮናንም ሆነ የፍሪትዝ ላይበር ሁለት ጓደኛሞች፣ ፋፈርድና ግሬይ ማውዘር፣ ጠንቋይ ሲገጥማቸው ጠንቋዩ ነው የሚሸነፈው። ጨዋታው ግን ከፍ ባለ ቁጥር አስማተኛውን የሚያገንን ሆኖ ተሠራ።

ሳጥኑ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ እንዲህ ያለ ውጊያ የት አለ የሚሉ መጡ። በካናዳ ኤድመንተን ኤድዋርድ ሲምባሊስትና ዊልፍ ባክሃውስ በ1977 ቺቫልሪ ኤንድ ሶርሰሪን አወጡ። ተዋጊው ከየትኛው ቤት እንደተወለደ፣ ጌታው ማን እንደሆነ፣ ስንት ባለ ርስት ፈረሰኛ እንዳለው ሳይታወቅ አይንቀሳቀስም። መጽሐፉ በደቃቅ ፊደል የታጨቀ ነው፤ ከተጫወቱት ይልቅ ያደነቁት ይበዛሉ ብል የምዋሽ አይመስለኝም።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1978፣ ስቲቭ ፔሪን ብቅ አለ። ከባልንጀሮቹ ጋር ኬዮሲየም ለተባለው አሳታሚ የጻፈው ጨዋታ ሩንኩዌስት ይባላል። ሰይፍ የሚመስል ነገር ጨብጦ በራሱ ላይ ዱላ ያረፈበት ሰው የጻፈው መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። እስቲ አንድ ምት ቀርበን እንየው። ወታደሩ ይሰነዝራል፤ በመቶ የሚቆጠር ችሎታ አለው፣ 60 ከሆነ 60ና ከዚያ በታች መጣል አለበት። አገኘው እንበል። አላለቀም፤ ባላንጣው በጋሻው ለመመከት የራሱን ዳይስ ይጥላል። ሳተ። አሁን ሰይፉ የት አረፈ? ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ይጣላል፤ ከ1 እስከ 4 ቀኝ እግር፣ ከ5 እስከ 8 ግራ እግር፣ እንዲህ እያለ እስከ ራስ ይደርሳል። 6 ወጣ፤ ግራ እግር። የሰይፉ ጉዳት 9፤ ጥሩሩ 5 ያስቀራል፤ 4 ይገባል። የአንድ ተራ ሰው እግር የሚችለው ደግሞ 4 ነው። ሰውየው ወደቀ። ሃያ ዓመት የተዋጋ አርበኛ ቢሆንም ይወድቃል፣ ምክንያቱም በሩንኩዌስት ልምድ ክንድን እንጂ ሥጋን አያሳድግም። የትም የማይጠቀስ ጩጬ በዕድሉ ጀግናውን ይገድለዋል።

ብዙዎች እፎይ አሉ፤ እውነተኛ ውጊያ ተገኘ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በፔሪን ጨዋታ፣ በግሬግ ስታፎርድ ምናባዊ ዓለም በግሎራንታ፣ ያለ አስማት የሚዋጋ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው ሳይቀር ስለቱን የሚያሾልበት፣ ቁስሉን የሚያሽርበት ትንሽ ድግምት ያውቃል። ሰይፍን ከሁሉ በላይ በእውነቱ ልክ ያስቀመጠው ሰው፣ ተዋጊውን ያለ አስማት ባዶ እጁን ወደ አስማት ዓለም አልሰደደውም። የሚመስለኝ፣ እንዲያ ቢያደርግ ምን እንደሚሆን ከሁሉ ቀድሞ ስለገባው ነው።

ጋይጋክስ መልስ መስጠቱ አልቀረም። በዚያው በ1978 በታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ላይ ሒሳቡን በራሱ እጅ አወጣው። አሥረኛ ደረጃ የደረሰና ጠንካራ ጤና ያለው ተዋጊ 85 የሕይወት ነጥብ ቢኖረው፣ ይህ አራት ትልልቅ የጦር ፈረሶችን የሚገድል ምት ነው፤ ሰው ይህን በሥጋው ይችላል ማለት ቀልድ ነው አለ። ታዲያ ነጥቡ ምንድን ነው? ትንሹ ክፍል ሥጋ፣ ቀሪው ችሎታ፣ ዕድል፣ የአምላክ ጥበቃ። በ1979 የአጫዋቾች መጽሐፍ ላይ ደግሞ ራስፑቲንን ምስክር ጠራ፤ ሲገድሉት አልሞት ብሎ ያስቸገረውን ሩሲያዊ። እሱ እንኳ በጨዋታው ሚዛን የአራት ተራ ሰው ሞት ቢችል ነው። ስለዚህ 95 ነጥብ ያለው ተዋጊ እውነተኛ ሥጋው ከ15 እስከ 23 ቢሆን ነው፤ የቀረው ሰይፉ ልቡን ሊወጋው ሲል ቆዳውን ጭሮት የሚያልፍበት ነገር ነው።

አራት ሰው። ቁጥሩ ደግሞ ተመለሰ፤ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው እንጃ።

መልሱ ብልህ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። ካህኑ መጥቶ ቁስል ማዳኛ ጸሎቱን ሲያደርስ የሚመለሰው ያው ነጥብ ነው። የተቀነሰው ዕድልና ችሎታ ከነበረ፣ ካህኑ ምን እያዳነ ነው? ዕድል ይቆስላል? ተጫዋቹ ጠረጴዛው ላይ የሚለው ደግሞ ሰይፉ ነካኝ እንጂ ዕድሌ ተቀነሰ አይደለም። መጽሐፉ አንድ ነገር አለ፣ የሰው አፍ ሌላ፤ ያሸነፈው አፍ ነው።

በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ 250 የወርቅ ሳንቲም ይመዝናል ተብሏል፤ አሥሩ ሳንቲም አንድ ፓውንድ ነውና 25 ፓውንድ፣ ከ11 ኪሎ በላይ። በአውሮፓ ሙዚየሞች የተቀመጡት እውነተኞቹ ሰይፎች አብዛኞቹ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተኩል ቢሆኑ ነው። ጋይጋክስ ቁጥሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን ለመያዝ ማስቸገሩንም ይጨምራል ብሎ አስረድቷል፤ አንባቢው ግን ኪሎውን ያዘ። እንዲህ ሆኖ አንድ ሙሉ ትውልድ የጥንት ሰይፈኛ የመጥረቢያ ክምር እንደሚያወዛውዝ፣ የብረት ልብስ የለበሰ ከወደቀ እንደማይነሣ እያመነ አደገ።

1980ዎቹን በፍጥነት ልለፍ። በ1980 የወጣው አርምስ ሎው ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ፣ የትኛው አጥንት እንደተሰበረ እስኪነግርህ ድረስ ዘረዘረ። የጋይጋክስ አንድ ዙር ውጊያ አንድ ደቂቃ ነበር፣ በውስጡ ብዙ መሰናዘርና መሸሽ አለ በሚል ስሌት፤ በ1986 ስቲቭ ጃክሰን በኦስተን ያሳተመው ገርፕስ አንዱን ዙር አንድ ሰከንድ አደረገው። በጋይጋክስ ጨዋታ ደግሞ በ1985 ተዋጊው በአንድ መሣሪያ እንዲካን ተፈቀደለት፤ በትንሹ ደስ አለው።

በእነዚያ ዓመታት ማንም ብዙ ያላወራለት ነገር ግን ተዋጊውን ይዞት ነበር። ድግምት ሲወረወርበት የማምለጫ ዳይስ ይጥላል፤ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ በዚህ ከሁሉም የተሻለ ነበር። አስማተኛውም ድግምቱን ሲጀምር ከተመታ ከእጁ ይጠፋል። ማለት ሰይፈኛው በአስማት አያምንም፣ አስማትም እሱን እንደልቡ አያገኘውም። ጋይጋክስ ያነባቸው ልብ ወለዶች መንፈስ የቀረው እዚህች ሕግ ላይ ነበር።

በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ አሳታሚ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የሚያወጣውን፣ የደከመውን ድርጅት ገዛው፤ በ2000 የጨዋታው ሦስተኛ እትም ወጣ። ጆናታን ትዊት፣ ሞንቴ ኩክና ስኪፕ ዊሊያምስ ሕጉን አጸዱት፤ የተዘበራረቀውን ሁሉ በአንድ ባለ 20 ፊት ዳይስ ላይ አቆሙት። ሲጸዳ ግን ያቺ አጥር አብራ ተጠረገች። ሃያኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ፈቃዱን ለሚሰልብ ድግምት የሚመልሰው በሙያው ያገኘውን 6 ብቻ ደምሮ ነው፤ የከፍተኛው ድግምት መስፈርት ግን የአስማተኛው ብልህነት ሳይጨመር ከ19 ይነሣል። በደረጃ ልክ መሰንዘርም ቀረ። በምትኩ ተዋጊው ከሌላው ሰው በላይ 11 ተጨማሪ ክህሎት ይመርጣል። ከሚመርጣቸው አንዱ፣ በለመደው ሰይፍ ሲመታ 1 ይደመርለታል። አስማተኛው ዘጠነኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ጓደኞቹን ይዞ ከአገር አገር በቅጽበት ይሻገራል፤ በአሥራ ሰባተኛው ጊዜን ያቆማል። ተጫዋቾች ያኔ ያዘወተሩት አባባል፣ ተዋጊው በመደመር፣ አስማተኛው በማባዛት ያድጋል የሚል ነው።

የሚያስቆጨው፣ በሩ ክፍት ነበር። የዚሁ እትም ሕግ አስማት ያልሆነ፣ ቢሆንም የተፈጥሮን ሕግ ሊጥስ የሚችል ችሎታ የሚል መደብ በግልጽ አስቀምጧል። ለተዋጊው ግን ከዚያ የተቆነጠረለት የለም። ምክንያቱ የሕግ አልነበረም። አስማተኛው ሲበር ማን ይለካዋል? የሚያውቀው የሚበር ሰው የለማ። ተዋጊው ሲዘል ግን ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ የራሱን ጉልበት ያስባል፤ እኔ ስንት እዘላለሁ ብሎ። ኮካ ኮላውን ይዞ ወንበር ላይ የተለጠጠ ሰው የጀግና መለኪያ ሆነ።

መለኪያው ራሱ ትክክል እንዳልነበረ ያሳዩት ደግሞ በዚያው ሰሞን የጥንት የአውሮፓ የሰይፍ መጻሕፍትን አውጥተው መለማመድ የያዙት ሰዎች ናቸው። የ15ኛው ክፍለ ዘመኑን የሃንስ ታልሆፈርን ሥዕሎች፣ የጣሊያናዊውን የፊዮሬ ዴይ ሊቤሪን ትምህርት እያነበቡ በብረት ይሞክሩታል። ሰይፍ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሙሉ የብረት ልብስ በሰውነት ላይ ስለሚከፋፈል የለበሰው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። ስለ ፈረንሳዊው ማርሻል ቡሲኮ በሕይወት ሳለ የተጻፈ መጽሐፍ አለ። የብረት ልብሱን እንደለበሰ፣ የራስ ቁሩን ብቻ አውልቆ፣ ተገልብጦ ይዘል ነበር ይላል፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላልን በታችኛው ገጽ፣ እግሩን ሳያስነካ፣ በእጁ ብቻ ይወጣው ነበር ይላል። ቡሲኮ በ1415 አዣንኩር ላይ ተማረከ፣ በ1421 በእንግሊዝ እስር ሞተ። ምንም ድግምት የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ አንድ ተጫዋች ይህን አደርጋለሁ ቢል ስንቱ አጫዋች ከባድ ዳይስ ሳያስጥለው ያልፈዋል? ከእነዚሁ ሰይፈኞች አንዱ የሆነው ጄክ ኖርዉድ በ2002 ዘ ሪድል ኦፍ ስቲል የተባለ ጨዋታ አወጣ፤ ፍልሚያው በሁለት ሦስት ምት ያልቃል፣ ተዋጊውም ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የምትሞትለት ነገር ምንድን ነው ተብሎ ነው። ጥቂት ሰው ተጫወተው፤ ያነበቡት ግን አልረሱትም።

በ2006 ዊዛርድስ ቶም ኦፍ ባትል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ዘጠኝ የሰይፍ ትምህርት ቤቶች፣ ሦስት አዳዲስ ተዋጊዎች፣ እንደ ድግምት እየተመረጡ የሚጠኑ ስልቶች። ገሚሱ ሰይፈኛው በመጨረሻ ነጻ ወጣ አለ፤ ገሚሱ ይሄ የጃፓን ካርቱን እንጂ ውጊያ አይደለም ብሎ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አባረረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በጁን 2008፣ አራተኛው እትም ሲመጣ የተባረረው ነገር የሁሉም ሕግ ሆኖ ተመለሰ። ተዋጊውም አስማተኛውም በአንድ ቅርጽ የተቀረጹ ኃይሎች ያዙ፤ ሁልጊዜ የሚሠሩ፣ በአንድ ፍልሚያ አንዴ፣ በቀን አንዴ። የተዋጊው ኃይል ምንጩ ጦረኝነት ነው ተባለ፣ አስማት አይደለም ተብሎም ተሰመረበት።

ጭቅጭቁ የፈነዳው በአንድ ሰባተኛ ደረጃ ስልት ላይ ነው። ስሙ፣ ወደ አማርኛ ብንመልሰው፣ ኑ ሞክሩኝ ይሆናል። ተዋጊው ይጠራል፤ በሦስት ካሬ ዙሪያ ያለ ጠላት ሁሉ ተንቀሳቅሶ አጠገቡ ይመጣል፤ ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ይመታቸዋል። መጀመሪያ እንደተጻፈው ጠላቱ እምቢ የሚልበት ዳይስ የለም። ተሳድቦ ጠራቸው ቢባል ከኋላ የቆመው ቀስተኛ ለምን ይመጣል? ጆሮ የሌለው ዝልግልግ ፍጡርስ? ጥያቄው እውነት ነው። አስማተኛው ግን በዚያው ጠረጴዛ ላይ እሳት ከባዶ አየር ሲያወጣ እሳቱ ምን እየበላ እንደሚነድ የጠየቀ አልነበረም። በ2010 ሕጉ ተስተካከለ፤ ተዋጊው ጠላቱን ለመሳብ በፈቃዱ ላይ ዳይስ ይጣል ተባለ።

ሌላው የተከሰሰው የጦር አዝማች የተባለው ሙያ ነው፤ ወዳጁን በንግግር እያበረታ የሕይወት ነጥብ ይመልስለታል። ተቃዋሚዎቹ በጩኸት የተቆረጠ እጅ ይቀጥላል ወይ እያሉ ያፌዙበት ነበር። ጋይጋክስ በ1979 ያለውን ላነበበ፣ ነጥቡ አብዛኛው ሥጋ ካልሆነ፣ በቃል የማይመለስበት ምክንያት የለም። ሽለላና ቀረርቶ ሲሰማ ያደገ የእኛ አገር ሰውማ ይህን ማስረዳት አያሻውም፤ የተኛን ወኔ የሚያስነሣ ድምፅ እንዳለ ያውቃል። የቸገረው ሌሎቹን ነው።

አራተኛውን እትም ያልወደዱት ብዙዎቹ በ2009 የሦስተኛውን ሕግ ይዞ ወደወጣው ወደ ፓዝፋይንደር ሄዱ። ዊዛርድስም በሜይ 2012 አዲሱን ረቂቅ ለሕዝብ ሙከራ ሲከፍት ጠንቃቃ ሆኖ ነበር። ቢሆንም ረቂቁ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፤ ትልቅ መሣሪያ የያዘ ተዋጊ ቢስትም እንኳ ጥቂት ይጎዳል። ስቶ እንዴት ይጎዳል? ስንት ምሽት በዚህ እንዳለቀ የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ያውቁታል። ነጥቡ ትንፋሽና ዕድል ነው፤ ሰይፉ ባያገኝህም ለመሸሽ ተንገዳግደሃል፣ ደክመሃል የሚለው ወገን በሒሳቡ ልክ ነበር። መሳት መሳት ነው የሚለው ወገን ግን በቁጥር በዛ፤ በ2014 አምስተኛው እትም ሲታተም ሕጉ አልነበረበትም። ተዋጊው ያገኘው ትንፋሹን ሰብስቦ ነጥብ የሚመልስበት፣ በአንድ ዙር ድርብ የሚንቀሳቀስበት ዕድል፣ ሃያኛ ደረጃ ላይም በዙር አራት ምት ነው። አራት፤ ጀግናው በ1971 እንደነበረው። በ2017 ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ የሚፈጥሩበት ድረ ገጽ የዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ መዝገብ ሲታይ፣ ተጫዋቾች ከሚፈጥሩት ሁሉ የሚበዛው ሰው የሆነ ተዋጊ ነበር። ክንፍ፣ ቀንድና እሳት በነጻ በሚታደልበት ጨዋታ፣ አብዛኛው ሰው የመረጠው እንደራሱ ሰው ሆኖ ብረት መያዝን ነው።

በ2024 የተጫዋቾች መጽሐፍ ታድሶ ወጣ። ለመሣሪያዎቹ ስምንት የሚሆኑ ስልቶች ተጨመሩላቸው፤ ገፍቶ የሚያርቅ፣ የሚጥል፣ የሚያዘገይ። የትልቁ ባለ ሁለት እጅ ሰይፍ ስልት ግን ከ2012ቱ ረቂቅ የተባረረው ነው፤ ቢስትም ይጎዳል። ከጎኑ የሰይፉ ክብደት ተጽፏል፣ 6 ፓውንድ፣ ከሦስት ኪሎ በታች። በ1978 ከነበረው 25 ፓውንድ ወርዶ፣ ሙዚየም ውስጥ ካሉት እውነተኛ ሰይፎች እኩል የሆነው ሰይፍ፣ አሁን ሳያገኝም ያቆስላል።